ከመዝገቡ የቀረው ሰሜን



የ1970 ዓ.ም. ጳጉሜን ሲገባ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ዋሽንግተን ላይ ተሰብስቦ በአዲሱ መዝገቡ የመጀመሪያዎቹን 12 ስፍራዎች አሰፈረ። ከ12ቱ ሁለቱ የእኛው ናቸው፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። አብረውን ከገቡት መካከል የኢኳዶሩ ጋላፓጎስ፣ የአሜሪካው የሎውስቶን፣ የሴኔጋሉ ጎሬ ደሴትና የፖላንዱ ክራኮው ይገኙበታል። ግብፅ ፒራሚዶቿን ያስመዘገበችው በዓመቱ ነው። እንግዲህ አንድ የደባርቅ ሰው ተነሥቶ «ከፈርዖን ቀድመናል» ቢል እኔ በበኩሌ አልከራከረውም።

የምከራከረው ከመዝገቡ ጋር ነው። ላሊበላ የገባው በሰው እጅ ሥራነቱ ነው። ሰሜን ግን የገባው በመልክዓ ምድሩ ውበትና ሌላ አገር በማይገኙ አራዊቱ ብቻ ነው። ገደሉ አለ፣ ዋልያው አለ፣ ቀይ ቀበሮው አለ፤ ሰው የለም። ጨርሶ ጠፋ ማለቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ በተጻፉት ሰነዶች ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል፣ የሚነሣው ግን እንደ ተከሳሽ ነው፦ አረሰ፣ ከብት አሰማራ፣ እንጨት ቆረጠ፣ መንገድ አወጣ።

ዛሬ የምለው ይህ ነው። ሰሜን ፓርክ ከመሆኑ በፊት አገር ነበር፤ ዛሬም አገር ነው። ከመዝገቡ የቀረው ታሪኩ ከተመዘገበው አያንስም። ብዙውም የሚገኘው ጎብኚው በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ማደሪያ ወደ ሳንካበር ሲጣደፍ በመኪና መስኮት አይቶት በሚያልፈው በተራራው ግርጌ ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ዳባት፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ።

ስለ ድንጋዩ አጭር ቃል ብቻ። ተራራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ እየደራረበ የሠራው ነው። ራስ ዳሸን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር ያልፋል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ቧሂትና ራስ ዳሸን ላይ የበረዶ ግግር ተኝቶ ነበር፤ እየገፋ ያወረደው የድንጋይ ክምር ዛሬም ይታያል። ይህን የጂኦሎጂ ሰዎች ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል።

ወደ ሰው ልመለስ። የሰሜን ሰው በጽሑፍ ስሙ መጀመሪያ የተነሣው ከተራራው ርቆ በቀይ ባሕር ዳርቻ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ደረሰ። ጊዜው ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዓረብ ሊዘምት የሚሰናዳበት ነበር። ንጉሡ አዱሊስ ላይ በአንድ የእምነ በረድ ዙፋን የተቀረጸው የግሪክ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክለት የወደቡን ገዢ ያዝዛል። ገዢውም ሥራውን ለኮስማስና ለአንድ ባልንጀራው ይሰጣል። ኮስማስ አንዱን ግልባጭ አስረክቦ አንዱን ለራሱ አስቀረ። እሰይ አደረገ! ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ የተረፈን የእሱ ግልባጭ ብቻ ነው።

ጽሑፉ የአንድ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻ ዝርዝር ነው። መጀመሪያው ስለጎደለ የንጉሡ ስም አይታወቅም። ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ከወንዙ ማዶ ለመውጣት በሚያስቸግር ተራራ ላይ የሚኖሩ የሰሜን ሰዎች ይገኙበታል። ጽሑፉ ወንዙን አባይ ይለዋል፣ ተከዜን ማለቱ ነው። አገራቸው ዓመቱን ሙሉ ውሽንፍርና ውርጭ የማይለየው፣ በረዶው ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚውጥ እንደሆነ ይናገራል። እስከ ጉልበት የሚለው የዘማች ወግ ሳይሆን አይቀርም፤ ከዘመቻ የተመለሰ ሰው መቼም አሳንሶ አያወራ። ብርዱን ግን አልዋሸም፤ ከፓርኩ ማደሪያዎች በአንዱ፣ ጨነቅ ላይ፣ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ለንጉሡ ይመሰክርለታል።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ኮስማስ በበኩሉ የጨመረው ነገር ነው። የአክሱም ነገሥታት በግዞት የሚቀጡትን ሰው የሚሰዱት ወደዚሁ አገር እንደነበረ ይነግረናል። ስለዚህ ሰሜን ስሙ መጀመሪያ በተጻፈበት ሰነድ ላይ ሁለት ነው፦ ያለ ጦር የማይገብር ሕዝብ አገርና የተባረረ ሰው ማደሪያ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪኩን ሁሉ ይህን ይዛችሁ ብታነቡት ብዙ ነገር ይገጥምላችኋል።

ከሺህ ዓመት በኋላ በሰሜን አምባዎች ላይ ቤተ እስራኤሎች በራሳቸው መሪዎች ይተዳደሩ ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አካባቢ አፄ ሠርፀ ድንግል ራዳይ በተባለው መሪያቸው ላይ ዘመቱ። የዘመቻውን ታሪክ ጽፎ ያቆየን የንጉሡ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነው፤ ለማን እንደሚያደላ መናገር አያስፈልግም። ይህ ሰው ግን ያየውን ወይም የሰማውን አንድ ነገር ሳይጽፈው ማለፍ አልሆነለትም። አንዲት የተማረከች ሴት እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ሲያልፉ የፈጣሪዋን ስም ጠርታ ራሷን ወረወረች፤ ማራኪዋንም ይዛው ወረደች። ጸሐፊው ድፍረቷን አድንቋል። ስሟን ግን አልነገረንም። ዛሬ እመት ጎጎ ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሣ ቱሪስት ከእግሩ በታች ያለው ገደል ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይነገረዋል፤ ገደል በዚህ አገር ለምን ለምን እንደዋለ የሚነግረው የለም።

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጌዴዎን የተባለው መሪያቸው ተገደለ፤ የቤተ እስራኤል የራስ አገዛዝም በዚያው አከተመ። ርስት የተነፈገው ሕዝብ በእጁ ሥራ ኖረ፦ ቀጥቃጭ ሆነ፣ ሸክላ ሠራ፣ ሸማ ሸመነ፣ የጎንደርን ግንብ ካነሡት ግንበኞችም መካከል ገባ። የወገራ ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ማን ይሄድ እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ። በቀን ማረሻውን የሚያሠራበትን ሰው በማታ ጅብ ይሆናል ብሎ የሚያማው ያው ገበሬ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አይገባንም። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። በዓላቸው ስግድ ዛሬ በእስራኤል በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው። እዚህ የቀረው መቃብራቸውና የጸሎት ቤታቸው ፍርስራሽ ነው። የውጭ አገር ተመራማሪዎች በቅርብ ዓመታት የመነኮሳቶቻቸውን መኖሪያ ሲያፈላልጉና ካርታ ሲያነሡ ቆይተዋል፤ ከእኛ በኩል ያን ያህል ሲደክም ያየሁት የለም።

አሁን ወደ ሊማሊሞ እንውረድ። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ በኩል ተከዜን ተሻግሮ ጎንደር የሚገባ ሲራራ ነጋዴ ሁሉ ይህን አቀበት መውጣት ነበረበት። ቆላውን በሙቀት ያቋረጠ አጋሰስ፣ ጭነቱን እንደያዘ፣ በአንድ ጉዞ ከዛሬማ ሸለቆ ወደ ደጋ ይወጣል። አፋፉ ላይ ሲደርስ የሚጠብቀው ብርድና ቀራጭ ነው። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ወደ ጎንደር ሲሄድ በዚሁ ወጣ፤ የአቀበቱን ምሬትም በመጽሐፉ ጽፎታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ደግሞ በ1830ዎቹ መጀመሪያ መጣ፤ ዋልያንና ጭላዳን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ ከገደሉ ላይ ፈልፍሎ አወጣ። መንገዱ የጣልያን ነው ይባላል። ድንጋዩን የፈለጡትና የተሸከሙት በአብዛኛው የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም በጭጋግ ቀን ከነተሳቢው የሚወጣበት ሾፌር ስሙን የሚጠራው ጣልያንን ሳይሆን ቅዱሳንን ነው።

ስለ መንገድ እያወራሁ የነጋሢውን መንገድ አልረሳሁም። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቆጡኝ፤ በእኔ ግምት ከመዝገቡ ከቀረው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንን ከአባታቸው ወረሱ። በ1831 እ.ኤ.አ. የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋድስ ከሞቱ በኋላ ትግራይንም ጠቅልለው ያዙ፤ ተራራውንም ወደ ባሕር የሚወስደውንም አገር ጨበጡ። ባሕር የነካ ሰው ጠመንጃ ያገኛል፣ ጠመንጃ ያገኘ ደግሞ ዘውድ ያምረዋል። ውቤ ግን ተራ ሽፍታ አልነበሩም፤ ዘውድ ከጦር በፊት ጳጳስ እንደሚፈልግ ያውቃሉ። አገሪቱ ለዓመታት ጳጳስ አጥታ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ውቤ ወደ ግብፅ መልእክተኞችና ገንዘብ ልከው ወጣቱን አቡነ ሰላማን አስመጡ። በዓመቱ ደብረ ታቦር ላይ ከእንደራሴው ከራስ ዓሊ ጋር ተዋጉ፤ አሸነፉም። ድል ባደረጉበት ዕለት ጮማና ጠጅ ላይ ሳሉ ከጠላት ወገን በድንገት የደረሰ ጦር ያዛቸው። አሸንፎ መማረክ የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው። በኋላ ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ያ ውርደት ሐሳባቸውን አላስቀየራቸውም። በዛሬው ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ፣ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በሥራው ላይ ከረዷቸው መካከል ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር አንዱ ነው። ሺምፐር የአበባ ናሙና ሊሰበስብ መጥቶ ትግራይ ላይ የቀረ፣ ውቤም እንጢጮን ሹመው የሰጡት ሰው ነው፤ አጥንቱም ያረፈው እዚሁ አገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ለጸሎት ብቻ የታሰበ አልነበረም። ውቤ ሊነግሡበት ያሰናዱት ቤት ነው።

በ1847 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ከቋራ የተነሣው ካሳ ኃይሉ ደረስጌ አጠገብ ገጠማቸው። ውጊያው በአንድ ቀን አለቀ፤ ውቤ ተማረኩ። ከዚያ የሆነውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፦ በጥቂት ቀን ውስጥ ካሳ፣ ውቤ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጡት ጳጳስ እጅ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ጫነ። ቤቱ ተሠርቷል፣ ጳጳሱ መጥቷል፣ በዓሉ ተደግሷል፤ የጎደለው ሰውየው ብቻ ነበር። ኋላ ደግሞ ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። ከእርሷ የተወለደው ልዑል ዓለማየሁ መቅደላ ከወደቀች በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879 እ.ኤ.አ. በወጣትነቱ እዚያው ሞተ፤ እናቱ ከመቅደላ በተጀመረው መንገድ ላይ ሞታ ጨለቆት ተቀብራለች። የሰሜኑ ቤት ግን በዚህ አላበቃም። የውቤ ወንድም የብጡል ልጅ ጣይቱ ምኒልክን አግብታ እቴጌ ሆነች፤ አድዋ ላይ የሠራችውን ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዘውዱን ያጣው ቤት ሁለት እቴጌዎች አወጣ ማለት ነው።

ልጆቻችን ቴዎድሮስ በ1847 ነገሠ ብለው በፈተና ላይ ይጽፋሉ። የነገሠበት ቤት ዛሬም ቆሟል፣ ሥዕሎቹም በግድግዳው ላይ አሉ፤ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ውጭ አገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ታትሟል። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ውስጥ ደረስጌን ያያችሁ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ እንደማይ እገምታለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅም። ከደባርቅ ተነሥቶ ጨነቅ የሚደርሰው ጎብኚ በዚያው አቅጣጫ ቢቀጥል ደረስጌን ያገኛት ነበር። የሚመልሰው ፕሮግራሙ ነው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የተጻፈው ከመዝገቡ ነው።

ከደረስጌ እስከ ጣልያን ወረራ ያለውን ዘመን ዘልዬ ስለ ደጃዝማች፣ በኋላ ራስ፣ አያሌው ብሩ ጥቂት ልበል። በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የበጌምድሩ ገዢ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወድቁ አያሌው ከማዕከላዊው መንግሥት ጎን ነበሩ። የጎንደር ሰው በጌምድር ይሰጣቸዋል ብሎ ሲጠብቅ ሹመቱ ለሌላ ሆነ፤ ሕዝቡም ይህን የዋህነታቸውን በግጥም አድርጎ እስከ ዛሬ ይቀልድበታል። እኔ ቀልዱ ትንሽ በዝቷል ባይ ነኝ። በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ የሰሜንና የወገራ ሰው በአያሌው ሥር ዘምቶ፣ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ሆኖ፣ ሽሬ ደምበጉና ላይ የጣልያንን ታንኮች በጠባብ መተላለፊያ ይዞ ሲያስቀር ያ ሁሉ ቀልድ የት ነበር? ታንክ በጎራዴና በድንጋይ ሲሸነፍ ዓለም ያየው በዚያ ዕለት ነው። በኋላ አያሌው ለጣልያን መግባታቸው፣ ቆይቶም ከአርበኛው ወገን መቆማቸው እውነት ነው። በወረራው ዘመን ብዙ መኳንንት ያለፉበት መንገድ ነውና የእሳቸውን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ፍርድ ማጉደል ይመስለኛል።

የሊማሊሞን አፋፍ የያዘ ጎንደርን ይይዛል። ጣልያኖች ይህን ስለሚያውቁ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወልቀፊት ላይ ምሽግ ሠርተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ በብዙ የአገሪቱ ክፍል ጦርነቱ ያለቀ መስሎ ነበር። ደባርቅ ላይ አላለቀም። ኮሎኔል ማሪዮ ጎኔላ ከ3,000 ገደማ ወታደር ጋር ክረምቱን ሙሉ በምሽጉ ቆየ፤ ከበባው ላይ ከነበሩት መካከል ራስ አያሌው በሰኔ በጣልያኖች እጅ ወደቁ። ምሽጉ እጁን የሰጠው መስከረም 18 ቀን 1934 ነው፤ የመስቀል ማግስት መሆኑ ነው። ጎንደር ራሷ የተለቀቀችው በኅዳር። ስለዚህ አዲስ አበባ የድል በዓሏን ባከበረች በአምስተኛው ወር የደባርቅ ገበሬ ገና በመድፍ ድምፅ መካከል ገብሱን ይጠብቅ ነበር። የአርበኞች ቀን ሲከበር ይህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ጦርነት ካነሣሁ አይቀር፣ ከዳባት ብዙም በማትርቀው ጭና በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ላይ የደረሰው እልቂት አለ። ቁስሉ ስላልጠገገ ዛሬ የንግግር ማጣፈጫ አላደርገውም። ስሙን ሳልጠራ ግን ማለፍ አይሆንልኝም።

አሁን ወደ ገብሱ እመጣለሁ፤ መዝገቡና ሰዉ በቀጥታ የተጋጩት በገብስ ምክንያት ነውና። ወገራ ከጥንት የጎንደር ጎተራ ነው፤ ዳባት የዚያ ጎተራ ደጃፍ ናት። ባቄላው፣ ምስሩ፣ ተልባው፣ ስንዴው ከዚያ ይወርዳል። ከደባርቅ በላይ ሲኬድ ግን ሰብሉ እየመረጠ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ብርዱን የሚችለው ገብስ ብቻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 3,500 ሜትር አልፎ የሚበቅል ገብስ አለ። በሶ፣ ቆሎ፣ ቂንጬ፣ ጠላ፣ ሁሉ ከእሱ ነው። የከፍታው ገበሬ ዘሩን ከዘር እየለየ፣ የትኛው ውርጭ እንደሚችል፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ እያየ ለትውልዶች ያቆየው ነው። ይህ የዘር ዕውቀት በማናቸውም የቅርስ መዝገብ ላይ የለም።

ሌላውን ወገን ደግሞ ልስማ። የሰሜን ቁልቁለት በማረሻ ሲታረስ አፈሩ ይሄዳል፤ የስዊሱ የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን ለክቶ አሳይቷል። የጓሳው ሣር ሲገፋ፣ የአስታው ዛፍ ለማገዶ ሲቆረጥ ዋልያ መጠጊያ ያጣል። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም የዋልያ ቁጥር ከ200 በታች ወርዶ ነበር ይባላል። በጥበቃው ምክንያት ከ800 በላይ የደረሰበት ጊዜ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አሽቆልቁሏል። ስለዚህ ፓርክ አያስፈልግም የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይደለም። የብሔራዊ ቡድናችን ተጫዋቾች ዋልያዎቹ ተብለው እየተጠሩ እንስሳው ቢጠፋ ለማን እናወራለን?

ጥያቄው ሰውን እንደምን አየነው የሚል ነው። ፓርኩን ያቀዱት የውጭ ባለሙያዎች ተራራውን ሰው ያልነካው ተፈጥሮ አድርገው ማየት ፈለጉ። ተራራው ግን ኮስማስ በጻፈበት ጊዜም ሰው ነበረበት። በመዝገቡ ከሰፈረ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1971 ዓ.ም. ገደማ፣ የደርግ መንግሥት በፓርኩ ቆላ ክፍል ያሉ መንደሮችን በግዴታ አስነሣ። በ1996 እ.ኤ.አ. ኮሚቴው ሰሜንን አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ተርታ አስገባው፤ የዋልያው መመናመን፣ መንገዱ፣ እርሻውና ግጦሹ በምክንያትነት ተጠቀሱ። ከዚህ ዝርዝር የወጣው ከ21 ዓመት በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ለመውጣቱ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ ግጭ ነው።

ግጭ በፓርኩ መካከል የነበረ የእስላሞች መንደር ነው። ከ400 በላይ ቤተሰብ ይኖርበት ነበር። በ2008 ዓ.ም. ነዋሪው ከነቤተሰቡ ተነሥቶ ወደ ደባርቅ ወረደ፤ ካሳ ተከፍሎ፣ ቦታ ተሰጥቶ ነው። በፈቃድ ነው የሚል አለ፣ አይደለም የሚልም አለ፤ ካሳው በቃ የሚል ግን ብዙ አልሰማሁም። ገበሬን ከማሳው አውጥቶ ከተማ ላይ በአንድ ቀን ነጋዴ ማድረግ አይቻልም፤ ገብስ የሚያውቅ እጅ ሱቅ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ጓሳው ማሳውን ሸፈነው፣ ጭላዳው መንጋውን ይዞ ገባበት። የጥበቃው ሪፖርት ይህን ስኬት ብሎ ጻፈው። ለጓሳው ስኬት መሆኑን እኔም አልክድም።

በዚያው 1996 እ.ኤ.አ. ሌላ መዝገብ ተከፈተ፤ ዳባት ላይ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ያኔ የሕክምና ኮሌጅ፣ የዳባትን ቀበሌዎች ነዋሪ ቤት ለቤት እየዞረ መመዝገብ ጀመረ፦ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን መጣ፣ ማን ሄደ። የሞተውንም በምን እንደሞተ ይጠይቃል። ሐኪሞች ለጥናታቸው ያቋቋሙት ነው። እኔ ግን የታሪክ ሰው ስለሆንኩ ሌላ ነገር ይታየኛል። ዓለም ስለ ሰሜን ዋልያ ሲጨነቅ በሰሜን ግርጌ የገበሬውን ቤት በር እያንኳኳ «ስንት ናችሁ?» የሚል ነበር። የዚያ መዝገብ ገጾች ለእኔ ከማንኛውም የጎብኚዎች መምሪያ የበለጠ የዚህ አገር ታሪክ ናቸው።

በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ፓርኩ በተቃጠለ ጊዜ የሆነውንም ታስታውሳላችሁ። እሳቱን መጀመሪያ የገጠመው በቅርንጫፍና በአካፋ የወጣው የአካባቢው ሰው ነው፤ ተከሳሽ የነበረው ያው ገበሬ። ሄሊኮፕተር ከኬንያ መጣ፤ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከእስራኤል መጡ። ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደዚያ የሄዱትን እያሰብሁ ይህን ዜና ሳነብ ታሪክ አንዳንዴ ቀልደኛ ነው አልሁ።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለምትሉኝ ጥቂት ነገር አለኝ። ደረስጌ ማርያም በጎብኚ ፕሮግራም ውስጥ ትግባ፤ ካህናቱም የሚጠቀሙበት መንገድ ይበጅ። ወልቀፊት ላይ ምሽጉ የት እንደነበረ፣ ማን እንደከበበው፣ መቼ እንደወደቀ የሚናገር አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ይቁም፤ ወጪው የአንድ ሐውልት ሩብ አይሆንም። የቤተ እስራኤል መቃብሮች ድንጋያቸው ለአጥር ከመወሰዱ በፊት ይከለሉ። ለዚህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ደባርቅ በ2010 ዓ.ም. የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች።

ለዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተማሪዎች ግን የምሰጠው ሥራ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነው። ግጭ ላይ ሞፈርና ቀንበር ይዘው ያደጉት ሰዎች ዛሬ በዚህ ከተማ አሉ፤ ትልልቆቹ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። ሂዱና ጠይቋቸው። ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይበቃል። የትኛው ማሳ የማን ነበር? የትኛው ምንጭ በበጋ ይደርቃል? መስጊዱን ማን ሠራው? ውርጭ የሚችለውን ገብስ በምን ስም ትጠሩት ነበር፣ ዘሩ ዛሬ በማን እጅ አለ? ዋልያ ሌሊት ማሳ ሲገባ ምን ታደርጉ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ በእርጋታ ጠይቁ፤ ዋልያ አድነዋል ተብለው ሲከሰሱ የኖሩ ሰዎች ናቸውና የመጣው ተማሪ መሆኑን እስኪያምኑ ጊዜ ይወስዳል።